ወገብ የሚጎዳው የትኛው ጉድጓድ ነው? በመኪና ውስጥ የሚደጋገም ምትን ለክቶ አደጋውን መገምገሚያ

ገልባጭ የሚነዳ ሰው «ወገቤን» ሲል የሚሰማው መልስ አንድ ነው። «ሥራው እኮ ነው፣ ምን ይደረጋል?» እኔም መንገድ ሥራ ላይ ሴፍቲ ሆኜ ስጀምር እንደዛ ነበር የማስበው። በኋላ መለካት ጀመርኩ። ሲለካ የሚወጣው ነገር ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያንገጫግጨው ኮረኮንች ያደክማል፣ ያሰለቻል። ወገቡን የሚበላው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቢያጆ ሦስቴ አራቴ ብቻ የሚመጣው ከባድ ምት ነው። ያንን ምት እንዴት እንደምታገኙት፣ እንደምትለኩትና ወደ ጉዳት ግምት እንደምትቀይሩት ከዚህ በታች አለ። ምሳሌዬ ገልባጭ ነው። ለሎደር፣ ለአገር አቋራጭ አውቶቡስና ለፊልድ መኪናም አካሄዱ ያው ነው።

መጀመሪያ ምቱ ምን እንደሚያደርግ

ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የላይኛው አካሉ ክብደት የሚያርፈው በታችኛው የአከርካሪ አጥንት ላይ ነው። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ወንበሩ ከታች ይገፋዋል፣ የላይኛው አካል ግን ወዲያው አይከተልም። መሀል ላይ ያለው አጥንትና ዲስክ ይጨመቃል። አንዱ ምት ምንም ላያደርግ ይችላል። ሽቦ እጃችሁ ላይ ስታጣጥፉ አስቡት። የመጀመሪያው መታጠፍ አይሰብረውም፣ አምስተኛውም አይሰብረውም፣ ግን እየደጋገማችሁ ስትሄዱ በሆነ ሰዓት ቀጭ ይላል። እዚህም የድካም ጉዳይ ነው። የሚከፋው ደግሞ የተቀመጠ ሰው አካል ወደ ላይና ወደ ታች ሲንቀጠቀጥ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ አካባቢ ላይ ራሱ ንዝረቱን ያጎላዋል። የከባድ መኪናና የወንበር ንዝረት ደግሞ ከዚያ አይርቅም።

አንዳንዴ አንድ ምት ብቻውንም ይበቃል። አውቶቡስ ብሬከር ላይ ሳይቀንስ ሲወጣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡ ተሳፋሪዎች የአከርካሪ አጥንታቸው ተጨፍልቆ ሆስፒታል እንደገቡ ከቱርክም ከቺሊም ሐኪሞች ጽፈዋል። ከኋላ ጎማ አልፎ የተቀመጠ ሰው ከሁሉ በላይ ይነጥራል። የኋላ ወንበር ላይ የተጓዘ ሁሉ ይሄን ያለ መሣሪያ ያውቀዋል።

ከመሣሪያው በፊት ሾፌሩን ጠይቁ

ይሄን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። አትዝለሉት። አንድ ጠዋት መሣሪያዬን ጋቢና ውስጥ እየገጠምኩ አንድ አንጋፋ ሾፌር ያዩኛል። «ጋሼ፣ በጣም የሚመታዎት የት ላይ ነው?» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጠጠሩ መንገድ ምንም አይለኝም» አሉ። «ከካባው ስትወጣ ውሃ የበላው ቦታ አለ፣ ባዶ ስመለስ እዚያ ላይ ልቤ አፌ ትደርሳለች።» ያቺ ቦታ በኋላ በግራፉ ላይ ከሁሉ ረዝማ የወጣችው ናት። በመሣሪያው የፈጀብኝ ግማሽ ቀን ነው፣ እሳቸው በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ስትጠይቁ እነዚህን ያዙ። በቀን ስንት ቢያጆ አለ? አንዱ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ባዶ ሲመለስ ፍጥነቱ ስንት ነው? (ባዶ ገልባጭ ከተጫነው ይልቅ ይነጥራል፣ ባሌስትራው (የብረት ስፕሪንጉ) ለጭነት የተሠራ ስለሆነ ያለ ጭነት ድርቅ ይላል።) ወንበሩ እስከ ታች ሄዶ «ቋ» የሚል ድምፅ ያሰማል ወይ? ሾፌሩ ስንት ዓመቱ ነው? ይሄን ሥራ የጀመረው መቼ ነው? በዓመት ስንት ቀን ይሠራል? ዕድሜ ለምን እንዳስፈለገ ወደ መጨረሻው ይገባችኋል።

አማካይ ቁጥር እንዳያታልላችሁ

ለሙሉ አካል ንዝረት መለኪያ ዓለም የሚጠቀምበት ስታንዳርድ አይ.ኤስ.ኦ. 2631 ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ1997 የወጣው ሲሆን ዋናው ቁጥሩ አር.ኤም.ኤስ. የሚባል የአማካይ ዓይነት ነው። ለአስፋልት ጥሩ ነው። ምት ላለበት መንገድ ግን ያስተኛችኋል። አንድ ከባድ ምት ግማሽ ሰከንድ አይሞላም፣ በአንድ ሰዓት አማካይ ውስጥ ገብቶ ይሟሟል። ወንዝ ውስጥ እንደጨመሩት ጨው።

ስታንዳርዱ ራሱ ይሄን ስለሚያውቅ መፈተሻ ሰጥቷል። ከፍተኛውን ጫፍ በአር.ኤም.ኤስ. አካፍሉት። ውጤቱ ከ9 ከበለጠ አማካዩን ብቻ ይዛችሁ አትፍረዱ። ቀጥሎ የሚመጣው ቪ.ዲ.ቪ. ነው። ይሄኛው የንዝረት ድምር ነው፣ ግን በ4ኛ ፓወር (4 ጊዜ ራሱን በራሱ አባዝቶ) ነው የሚደምረው፣ ስለዚህ ትልልቅ ምቶች ይጎላሉ። የቀን ቪ.ዲ.ቪ. ከ8.5 በታች ከሆነ የጤና ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፣ ከ8.5 እስከ 17 ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ከ17 በላይ የጉዳት ዕድሉ ይጨምራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2002 ያወጣው መመሪያ ደግሞ 9.1 ላይ አሠሪው እርምጃ እንዲጀምር፣ 21 እንዳያልፍ ይላል።

ሦስተኛው የኛ ዋና ነገር ነው። አይ.ኤስ.ኦ. 2631 ክፍል 5፣ በተደጋጋሚ ምት ላይ ብቻ የተጻፈ። በ2004 ወጣ፣ በ2018 ታደሰ። የታደሰው ሁኔታዎቹን ከበድ ያሉና ቀለል ያሉ ብሎ በሁለት ከፍሎ ያያል። እኔ እዚህ የማሳያችሁ የ2004ቱን ስሌት ነው፣ በእጅ ሊከተሉት ስለሚቻል። ሪፖርት ስትጽፉ የትኛውን እንደተጠቀማችሁ መጻፍ አትርሱ፣ ቁጥሮቹ አይወዳደሩም።

መሣሪያ

ዋናው ዕቃ ወንበር ላይ የሚነጠፍ የጎማ ሳህን ነው፣ ውስጡ በሦስት አቅጣጫ የሚለካ አክሰለሮሜትር (የፍጥነት ለውጥ መለኪያ) አለው። ስፋቱ 25 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ12 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ነው። የሚቀመጠው በሾፌሩ መቀመጫ አጥንቶች ሥር፣ መሀል ለመሀል ነው። ትንሽ ወደ ፊት ከሸሸ ጭኑን ነው የምትለኩት። በፕላስተር አጥብቁት፣ ገመዱንም ሾፌሩ ሲወጣና ሲወርድ እንዳይጎትተው እሰሩት። ከተቻለ ሁለተኛ ሴንሰር ወንበሩ በተበየደበት ወለል ላይ ግጠሙ። የሁለቱ ንጽጽር ወንበሩ እየረዳ ነው ወይስ እያባሰ የሚለውን ይነግራችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ የድሃ ካሊብሬሽን (መሣሪያው በትክክል መለካቱን ማረጋገጫ) አለ። ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት፣ 9.81 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ማሳየት አለበት (መሣሪያው የመሬትን ስበት የሚያስቀር ዓይነት ከሆነ ዜሮ)። ገልብጡት፣ ምልክቱ ወደ ኔጌቲቭ መቀየር አለበት። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ሳህኑን ወደ ጎን አዙሬ አስቀምጬ የጎንዮሽ ንዝረቱን የፊትና የኋላ ብዬ ግማሽ ቀን ለካሁ። ሥራው ሁሉ ውሃ በላው።

ስልክስ? ስልክ ውስጥ ያለው ሴንሰር ለማጣራት ይጠቅማል። ወለሉ ላይ አጥብቃችሁ ለጥፉት፣ ኪስ ውስጥ አይሆንም፣ ዳሽቦርድ ላይ ባለው የሚወዛወዝ መያዣም አይሆንም። የትኛው መንገድ፣ የትኛው መኪና ይብሳል የሚለውን ታያላችሁ። ከባድ ምት ላይ ግን የስልኩ ሴንሰር ጣራ ነክቶ ጫፉን ሊቆርጠው ይችላል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ጫፉን ነው። በስልክ ቁጥር ለማንም ወገብ አትፍረዱ።

መለካት

ሙሉ ቢያጆ ለኩ። ከካባው ተነስቶ፣ ጭኖ ሄዶ፣ ገልብጦ፣ ባዶ እስኪመለስ። ሁለት ሦስት ቢያጆ ከሆነ ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ምት በባሕሪው አንዴ ይመጣል አንዴ ይቀራል። ክፍል 5 ለስሌቱ በሰከንድ 160 ንባብ ይፈልጋል። እናንተ ከዚያ በላይ ቅዱና በኋላ ቀንሱት። ሾፌሩ እናንተ ስላላችሁ ቀስ ብሎ እንዳይነዳ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ቢያጆ ሁሌም ሠርግ ላይ እንደሚነዳ ሹፌር ነው፣ ስለዚህ እኔ የመጀመሪያውን እጥለዋለሁ።

ከጎን ቁጭ ብላችሁ ሰዓት ያዙ። 3፡12 ውሃ የበላው ቦታ። 3፡20 ሾፌሩ ወረደ። 3፡26 ተመለሰ። ይሄ ማስታወሻ ቀጥሎ ያድናችኋል።

ፋይሉን ማጽዳት

ግራፉን ስትከፍቱ አንዳንድ የሚያስደነግጡ ጫፎች ይኖራሉ። ከግማሾቹ ጀርባ መንገድ የለም። ሾፌሩ ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ዱብ ብሎ የተቀመጠው ነው። እኔ ጋ አንድ ቀን ከሁሉ ትልቁ ምት የተመዘገበው መኪናው ቆሞ ነው! ማስታወሻችሁን አይታችሁ መውጫና መግቢያውን ቁረጡ። ሾፌሩ ከወንበሩ የተነሳበትንም ቁረጡ። ስሌቱ ሰውየው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ በፈቃዱም ከወንበሩ አይነሳም ብሎ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በቆሙ ተሳፋሪዎች ላይ ይሄን ቁጥር አትጠቀሙ። ጎብጦ ወይም ዞሮ የሚነዳ ሰው ከሆነም ከቁጥሩ በላይ ይጎዳል ብላችሁ ያዙት።

ስሌቱ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። በወንበሩ ላይ የለካችሁት አክሰለሬሽን የወገብ አክሰለሬሽን አይደለም። መሀል ላይ ሰው አለ። ስለዚህ ስታንዳርዱ ወደ አከርካሪ የሚቀይር ሞዴል ሰጥቷል። የፊትና የኋላ እንዲሁም የጎንዮሹ ቀላል ነው፣ በሰከንድ 2.125 ጊዜ የሚወዛወዝ ክብደትና ስፕሪንግ አድርጎ ነው የሚያየው። የላይና ታቹ ግን ነርቭ ኔትወርክ (በተለኩ ምሳሌዎች የሠለጠነ የኮምፒውተር ስሌት) ነው፣ ቁጥሮቹ ከስታንዳርዱ ጋር ታትመዋል። በፓይተን ወይም በማትላብ መጻፍ ይቻላል፣ ብዙ የንዝረት መለኪያ ሶፍትዌሮችም አላቸው። ሁለቱም ከሌላችሁ ቪ.ዲ.ቪ. ላይ ቁሙ፣ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የላይና ታቹ ሞዴል የሠለጠነው ከኔጌቲቭ 20 እስከ 40 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ባለው ምት ነው። ከዚያ ያለፈ ምት ካገኛችሁ ስሌቱን ተዉና ሾፌሩን ሐኪም ጋ ላኩ።

ከሞዴሉ የወጣው የአከርካሪ ምልክት ላይ ጫፎቹን ትለቅማላችሁ። በላይና ታች አቅጣጫ አጥንቱን የሚጨምቁት ብቻ ይቆጠራሉ፣ በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫ ሁሉም። እያንዳንዱን ጫፍ ወደ 6ኛ ፓወር ከፍ አድርጉ፣ ደምሩ፣ ከዚያ 6ኛ ሩት አውጡ (6 ጊዜ ራሱን በራሱ ሲባዛ ድምሩን የሚሰጠው ቁጥር)። ይሄ ዶዝ ይባላል።

6ኛ ፓወር የሚለው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። አንድ ምት ከሌላው እጥፍ ከሆነ፣ ትልቁ አንዱ ከትንሹ 64ቱን ያክላል። ከትልቁ ሲሶ የሆነ ምት ደግሞ 729 ካልተሰበሰበ አንዱን አያክልም። ኮረኮንቹ ቀኑን ሙሉ ቢያንገጫግጭ፣ ያቺ ውሃ የበላችው ቦታ ብቻዋን ልትበልጠው ትችላለች። ጋሼ የነገሩኝ ይሄንኑ ነበር።

አሁን ምሳሌ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተመረጡ ናቸው። አንድ ቢያጆ ተለክቶ የላይና ታቹ ዶዝ 12፣ የጎንዮሹ 4፣ የፊትና ኋላው 5 ወጣ። በቀን 8 ቢያጆ አለ። የቀኑን ለማግኘት በ8 አታባዙ፣ በ8 6ኛ ሩት ነው፣ ማለትም በ1.41። የላይና ታቹ 16.97፣ የጎንዮሹ 5.66፣ የፊትና ኋላው 7.07 ይሆናል። ቀጥሎ እያንዳንዱን ወደ አጥንት ግፊት ቀይሩ። የላይና ታቹን በ0.032፣ የጎንዮሹን በ0.035፣ የፊትና ኋላውን በ0.015 አባዙ። 0.543፣ 0.198 እና 0.106 ሜጋፓስካል። ሦስቱን እንደገና በ6ኛ ፓወር ደምራችሁ 6ኛ ሩት ስታወጡ 0.54 ይመጣል። ሁለቱ አነስተኞች ምንም አልጨመሩም ማለት ይቻላል።

ይሄ 0.54 ከምን ጋር ይወዳደራል? ከ0.5 በታች ለዕድሜ ልክ ሥራ የጉዳት ዕድሉ ዝቅተኛ ነው። ከ0.8 በላይ ከፍተኛ ነው። የኛ ሰው መሀል ላይ ነው።

ለማመሳከር ቪ.ዲ.ቪ.ውንም አስሉ። የአንዱ ቢያጆ 7 ቢሆን፣ የቀኑ በ8 4ኛ ሩት ተባዝቶ 11.8 ነው። እሱም መሀል ላይ ነው። ሁለቱ ሲስማሙ ደስ ይላል። ካልተስማሙ ፋይሉን እንደገና እዩት፣ ብዙ ጊዜ ያልተቆረጠ «ዱብ ብሎ መቀመጥ» ይገኛል።

ዕድሜ

አጥንት በዕድሜ ይደክማል። ስታንዳርዱ የአጥንቱን አቅም 6.75 ብሎ ጀምሮ ለእያንዳንዱ የዕድሜ ዓመት 0.066 ሜጋፓስካል ይቀንሳል፣ ቁጭ ባለበት የሚሸከመውን ደግሞ 0.25 ያወርዳል። ከዚያ የየዓመቱን ምት ከየዓመቱ አቅም ጋር አካፍሎ፣ በ6ኛ ፓወር ደምሮ፣ 6ኛ ሩት አውጥቶ፣ አር የሚባል ቁጥር ይሰጣል። በየዓመቱ የሚገባው ምት የቀኑ 0.54 በሥራ ቀናት ብዛት 6ኛ ሩት ተባዝቶ ነው። ኤክሴል ላይ በአንድ ዓመት አንድ መስመር ብትይዙ ይበቃል። አር ከ0.8 በታች ዝቅተኛ፣ ከ1.2 በላይ ከፍተኛ ነው።

ሰውየው በ25 ዓመቱ ጀምሮ በዓመት 300 ቀን ቢሠራ፣ 45 ሲሞላው አር 0.57 ነው። 60 ሲደርስ 0.78። ጠርዝ ላይ ነው ማለት ነው። አሁን ሌላ ሰው አስቡ። በ45 ዓመቱ ገልባጭ መንዳት የጀመረ፣ ያው መንገድ፣ ያው መኪና። 60 ሲሞላው አር 0.76 ይሆንበታል። 35 ዓመት የነዳውና 15 ዓመት የነዳው እኩል ሊሆኑ ምንም አልቀራቸው! የኋለኞቹ ዓመታት ናቸው የሚከብዱት። ልምድ አለው ብሎ አንጋፋውን ሾፌር ክፉው መንገድ ላይ የሚመድብ አለቃ ካለ ይሄን ሰንጠረዥ አሳዩት።

ታዲያ ምን ይደረግ

ብዙ ድርጅት የመጀመሪያ ሐሳቡ ሰዓት መቀነስ ነው። እስቲ እንይ። ቢያጆውን ከ8 ወደ 4 ብንቆርጠው 0.54 የነበረው 0.48 ይሆናል። ግማሽ ቀን ሥራ ጠፍቶ የተገኘው ይቺ ናት። በሌላ በኩል ምቱን በ20 በመቶ ብናቀንሰው፣ 8ቱም ቢያጆ እንዳለ ሆኖ 0.43 ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ምቱ ነው። የግራፉን አምስት ትልልቅ ጫፎች ያዙና በማስታወሻችሁ ቦታቸውን ፈልጉ። ሁለቱ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። እዚያ ግሬደር ላኩ። ግሬደሩ እስኪመጣ ምልክት ትከሉና ፍጥነቱን አስቀንሱ። ባዶ ሲመለሱ በተለይ።

ሁሉም መንገድ ግን በግሬደር አይታዘዝም። የአባይ በረሃን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እየተጠገነ ተመልሶ ሞገድ ይሠራል። እዚያ የሚመላለስ አውቶቡስ ላይ ያላችሁ መሣሪያ ፍጥነትና ወንበር ነው።

ወንበሩን የሚመለከተው ይሄ ነው። የወንበሩን ቪ.ዲ.ቪ. ለወለሉ ቪ.ዲ.ቪ. አካፍላችሁ ከ100 በመቶ በላይ ከወጣ ወንበሩ እያባሰ ነው፣ ባይኖር ይሻል ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። የአየር ወይም የስፕሪንግ ወንበር የክብደት ማስተካከያ አለው፣ ማንም አይነካውም። 60 ኪሎ ሰው 100 ኪሎ ላይ በተሞላ ወንበር ይነዳል። ወይም ተቃራኒው ይሆንና ወንበሩ በየጉድጓዱ እስከ መጨረሻው ወርዶ ብረት ከብረት ይጋጫል፣ ያ ግጭት ከመንገዱ ምት ሊብስ ይችላል። ማስተካከያውን ለሾፌሩ ማሳየት አምስት ደቂቃ ነው። ስፖንጅ መደራረብ ግን አይረዳም፣ ለስላሳነቱ ያታልላል እንጂ ከባድ ምት ሲመጣ ተጨምቆ ያልቃል። ከወንበሩ በኋላ ሾክ አብዞርበሩን፣ ባሌስትራውንና የጎማውን ነፋስ እዩ። ጎሚስታው «ትንሽ ጨምሬበታለሁ» ካለ አስቀንሱት።

አውቶቡስ ከሆነ አረጋውያንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና የወገብ ሕመም ያለባቸውን ከሁለቱ ጎማዎች መሀል አስቀምጡ፣ የመጨረሻውን ረድፍ አትስጧቸው። ይሄ አንድ ብር አያስወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በዚያው መኪና፣ በዚያው ሾፌር፣ በዚያው መንገድ ድጋሚ ለኩ። ያቺን ውሃ የበላት ቦታ ግሬደር ካለፈባት በኋላ ስለካ ትልቁ ጫፍ ቦታ ቀይሮ ነበር። አሁን የወጣው መገልበጫው ጋ ያለው የአፈር ጉብታ ላይ ነው። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «እሱማ ድሮም አለ» አሉኝ፣ «በዚያኛው አሳበብን እንጂ።»